አያቴን ማን አስተኛት? በዘር ሐረግ ፕሮግራም ውስጥ ስለሚዞሩ ፎቶዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ዓመት ለአያቴ ሙት ዓመት የዘር ሐረጋችንን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ከቅድመ አያቶች ጀምሮ ትናንት የተወለዱት ሳይቀሩ አሉበት። ላፕቶፔ ላይ ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የዕለቱ ባለቤት፣ አያቴ፣ በጎኗ ተጋድማለች። ታላቅ አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለችና «እናቴ ይህን ፎቶ ቆማ ነው የተነሳችው፤ አንተ ምነው አስተኛሃት?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ የከፈልኩት የኅትመት ዋጋ ነበር ትዝ ያለኝ።

ያተመልኝ ልጅ ጥፋት አልነበረበትም። የሰጠሁትን አተመ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሳላጣራ መስጠቴ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቤተሰቡ ፎቶ አቅኚ ሆኜ ቀረሁ። ከአዲስ አበባም ከአሜሪካም ዘመድ አዝማድ የተኛ ፎቶ ይልክልኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው፦ ፎቶውን ወደ ፕሮግራሙ ከማስገባታችሁ በፊት ራሱን ፋይሉን አቅኑት። ከፋይሉ ጋር የተደበቀውን የአቅጣጫ ማስታወሻም አብራችሁ አስተካክሉ። አንዱን ብቻ ያደረገ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ስልኬ ላይ ቀጥ ያለ ፎቶ የዘር ሐረግ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ለምን ይተኛል?

የስልክ ካሜራ ውስጥ ያለው ምስል ተቀባይ አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጠው በአግድም ነው። ስልኩን አቁማችሁ ስታነሱ ምስሉ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ተኝቶ ነው። ስልኩ ምስሉን አዙሮ እንደገና መጻፍ ይችል ነበር። ግን ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ምስሉን እንደተኛ ይተወውና ከጎኑ አንዲት ማስታወሻ ይጽፋል፤ «ስታሳዩኝ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዙሩኝ» የምትል።

መርካቶ ካርቶን ላይ የምትታየውን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት አስቡ። ዕቃው ካርቶኑ ውስጥ እንዴት እንዳለ የምትናገረው ቀስቷ ናት። አንዱ ተሸካሚ ቀስቷን አይቶ አቁሞ ያስቀምጣል። ሌላው ሳያይ ያጋድመዋል። ስልካችሁ ቀስቷን ያያል። አንዳንድ የዘር ሐረግ ፕሮግራም፣ በተለይ ቆየት ያለው፣ አያይም። በቃ፣ ጉዳዩ ይህ ነው።

ማስታወሻዋ የምትቀመጥበት ክፍል ኤግዚፍ ይባላል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ደረጃ ነው። ፎቶው መቼ እንደተነሳ፣ በምን ካሜራ፣ አንዳንዴም የት እንደተነሳ እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

ማስታወሻዋ ምን ትላለች?

ከ1 እስከ 8 ያለች አንዲት ቁጥር ናት። 1 ከሆነ ምስሉ ቀጥ ነው፣ አትንኩት ማለት ነው። 6 ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዙሩ ትላለች፤ ስልክ አቁመን ስናነሳ በብዛት የምትገኘው እሷ ናት። 8 ወደ ግራ ሩብ ዙር ነው። 3 ምስሉ ተዘቅዝቋል ማለት ነው። የቀሩት 2፣ 4፣ 5 እና 7 በመስታወት እንደሚታይ ግራ ቀኙ ለተገላበጠ ምስል ናቸው። እነሱ ብዙም አያጋጥሙም።

ዊንዶውስ ላይ ስከፍተው ቀጥ ብሏል። ታዲያ ችግሩ የፕሮግራሙ ብቻ አይደለም?

የፕሮግራሙም ነው። ነገር ግን «እኔ ጋ ቀጥ ብሎ ይታያል» ማለት ፋይሉ ቀጥ ነው ማለት አይደለም። የዊንዶውስ 7 ፎቶ ማሳያ ማስታወሻዋን አያነብም ነበር። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ማንበብ ተጀመረ። የኢንተርኔት ማሰሻዎችም እንዲሁ ናቸው። ክሮምና ፋየርፎክስ ማስታወሻዋን ያለ ልዩ ትእዛዝ ማክበር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2015 ባዘጋጃችሁት የቤተሰብ ገጽ ላይ ያኔ ተኝቶ ይታይ የነበረ ፎቶ ዛሬ ራሱ ቀንቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ተአምር አይደለም። ማሰሻው ነው ማንበብ የለመደው።

የሚገርመው አንድ ፕሮግራም ውስጥ እንኳ ልዩነት መኖሩ ነው። በስክሪን የሚያሳየው ክፍል ማስታወሻዋን ያነባል፤ ለኅትመት የሚያዘጋጀው ክፍል አያነብም። የአያቴ ነገር እንደዚያ ነበር።

ከአልበም ላይ በስልክ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ግማሾቹ ቀጥ፣ ግማሾቹ የተኙ ናቸው። ሁሉንም ያነሳሁት ግን በአንድ ዓይነት አያያዝ ነው። ለምን?

ይህ ጥያቄ የቤተሰብ ታሪክ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ሁላችንም አልበሙን ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ ዘርግተን፣ ስልኩን ከላይ ደግነን ነው የምናነሳው።

ስልኩ ላይና ታቹን የሚያውቀው በመሬት ስበት ነው። ውስጡ አክስለሮሜትር የምትባል ትንሽ መለኪያ አለች። ስበቱ በየትኛው ጠርዝ በኩል ወደ ታች እንደሚስብ ታያለች። ስልኩን አቁማችሁ ከያዛችሁ መልሱ ግልጽ ነው። ፊቱን ወደ ጣሪያ፣ ካሜራውን ወደ ጠረጴዛ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ግን ስበቱ በጠርዝ በኩል ሳይሆን በጀርባው በኩል ያልፋል። አራቱም ጠርዝ እኩል ይሆንባታል። ያኔ ትገምታለች። ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን አቅጣጫ ይዛ ትቆያለች፤ ገጽ ስትገልጡ እጃችሁ ትንሽ ዘንበል ካለ ደግሞ ሐሳቧን ትቀይራለች። ለእናንተ አያያዛችሁ አንድ ነው። ለእሷ አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስልኩን መጀመሪያ አቁማችሁ ያዙት፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ አልበሙ አዘንብሉት። ከማንሳታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ያሉትን የካሜራውን ትንንሽ ምልክቶች እዩ። ዞረው ከሆነ ማስታወሻዋም ዞራለች።

ሁለተኛው ይሻላል። ፎቶውን አቁሙት። እኔ የእናቴን መሶብ ነው የምጠቀመው። ፎቶውን ጠንካራ ካርቶን ላይ አድርጌ መሶቡ ላይ አስደግፈውና ከመስኮቱ ጎን ሆኜ ፊት ለፊት አነሳዋለሁ። ስልኩ ስለቆመ አይሳሳትም። ብርሃንም አያንጸባርቅም። እናቴ መጀመሪያ ቀን «መሶቡን ምን ልታደርገው ነው?» ብላ ነበር፤ አሁን ራሷ ታመጣልኛለች። አልበሙ ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካለ ግን በግድ አትላጡት። ገጹን እንዳለ አቁማችሁ አንሱት።

ያው ፎቶ በቴሌግራም ሲላክልኝ ቀጥ ብሎ ገባ፣ በፍላሽ ሲመጣ ግን ተኛ። እንዴት?

ቴሌግራምም ዋትስአፕም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩ ራሳቸው እንደ አዲስ ይሠሩታል። በዚያው ምስሉን በትክክል አዙረው ይጽፉታል፤ ኤግዚፉንም ያወልቁታል። ስለዚህ ማስታወሻዋን የማያነብ ፕሮግራም ምንም የሚሳሳትበት ነገር አያገኝም። በፍላሽ የመጣው ግን ከነማስታወሻው ያለው ዋናው ፋይል ነው።

እሰይ፣ እንግዲያው ሁሉንም በቴሌግራም ላሳልፍ እንዳትሉ። ፎቶውን ያሳንሱታል፤ የተነሳበትንም ቀን ይጥሉታል። ከኋላ ቆመው ያሉት አጎቶች ፊት ይደበዝዛል። ዘመድ ፎቶ ሲልክላችሁ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ዋናው ይምጣ፤ ማቅናቱ የኛ ሥራ ነው።

እሺ፣ እንዴት ላቅናው?

መጀመሪያ ኮፒ። ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አድርጉና «ዋናዎቹ» ብላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ እሱን አትንኩ።

ከዚያ የምመክረው ኤክስኤን ቪው ኤምፒ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ለግል አገልግሎት ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊነክስ ላይ ይሠራል። ፎልደሩን ትከፍታላችሁ፣ ፎቶዎቹን በሙሉ ትመርጣላችሁ፣ «ቱልስ» የሚለው ሜኑ ውስጥ ጄፔግን (የተለመደውን የፎቶ ፋይል ዓይነት) ያለ ጥራት ብክነት የሚያዞረውን ክፍል ትፈልጋላችሁ። እዚያ «በኤግዚፍ አቅጣጫ መሠረት አዙር» የሚል ትርጉም ያለው ምርጫ አለ። እሱን ስትነኩ ማስታወሻዋ የምትለውን ተከትሎ ምስሉን በእውነት ያዞረዋል። ዊንዶውስ ብቻ ለምትጠቀሙ ኢርፋን ቪውም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ተጨማሪ ፕለጊኖቹን ግን መጫን ያስፈልጋል። በየትኛውም ብትሠሩ ሲጨርስ ማስታወሻዋ 1 መሆኗን በፎቶው መረጃ ላይ አረጋግጡ።

አሁን ዋናው ነገር። በራሱ የሚያዞር መሣሪያ የሚያምነው ማስታወሻዋን ነው። ከአልበም ላይ የተነሱት ፎቶዎች ላይ ደግሞ ማስታወሻዋ ራሷ ተሳስታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም በራሱ እንዲያዞር አድርጉ። አሁን ሁሉም ማስታወሻ 1 ሆነ፤ ማለትም የምታዩት ነገር ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በሁለተኛው ዙር ፎቶዎቹን በትንንሹ ደርድራችሁ በዓይን እዩ፤ አሁንም የተኛ ካለ በእጅ አዙሩት። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው አንድ ፎቶ ላይ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ከራሴ ነው የምናገረው።

በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ መጻፍ የማይፈራ ሰው ካለ ፊል ሃርቪ የሠራው ኤግዚፍቱል አለለት። ነፃ ነው፤ ቁጥሯንም ያነባል፣ ይቀይራልም። ልብ በሉ ግን፣ ቁጥሯን ወደ 1 መቀየር ምስሉን አያዞረውም። ካርቶኑን ሳታቆሙ ቀስቷን ብቻ መፋቅ ነው።

ፎቶ ባዞርኩ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል ይባላል። እውነት ነው?

እንደ አዟዟራችሁ ነው። ጄፔግ ምስልን የሚያስቀምጠው 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፍሎ ነው። የቀለሙ መረጃ ሲታመቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካሬው 16 በ16 ይሆናል። ተራ ፕሮግራም ፎቶውን ይፈታዋል፣ ያዞረዋል፣ እንደገና ያምቀዋል። በእያንዳንዱ ማመቅ ጥቂት ነገር ይጠፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ዓይን አይለየውም። በየጊዜው እየከፈቱ ማዞርና ሴቭ ማድረግ ግን ይታወቃል።

ያለ ብክነት የሚያዞረው መንገድ ካሬዎቹን አይፈታም። ካሬዎቹን እንደ ዳማ ገበታ ቦታ ይለዋውጣቸዋል፣ እያንዳንዱንም በቦታው ያዞረዋል። ምንም አይጠፋም። አንዲት ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለች፤ የፎቶው ስፋትና ቁመት ለካሬው ሳይተርፍ መካፈል አለበት። የብዙ ስልኮች 4032 በ3024 ፒክስል ፎቶ ለ16 ሲካፈል 252 እና 189 ይመጣል። ቅልብጭ ያለ ነው። በስካነር የገባና 1795 በ1203 የሆነ ፎቶ ግን በሁለቱም በኩል 3 ፒክስል ይተርፈዋል። ያኔ ፕሮግራሙ ትራፊውን ከጠርዝ ይቆርጠዋል ወይም አይሆንም ይላል። ቢቆርጥም ቢበዛ 15 ፒክስል ነው። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ማለት ነው። የማንም ጆሮ አይቆረጥም። ለሚጨነቅ ሰው ደግሞ ቲፍ የሚባል የፋይል ዓይነት አለ፤ ስካን ሲደረግ ያለ ብክነት በቲፍ ከተቀመጠ የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩት ምንም አይሆንም።

አቀናሁት፤ ፕሮግራሙ ግን አሁንም የተኛውን ነው የሚያሳየኝ።

ሁለት ነገር ጠርጥሩ። የመጀመሪያው የፋይሉ ስምና ቦታ ነው። እንደ ግራምፕስ ያሉ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች ፎቶውን ወደ ውስጣቸው አያስገቡትም። «እንዲህ የሚባል ፎልደር ውስጥ ያለው እንዲህ የሚባል ፋይል» ብለው አድራሻውን ብቻ ይይዛሉ። እናንተ የቀናውን «አያቴ የተስተካከለ» ብላችሁ በሌላ ስም ካስቀመጣችሁት ፕሮግራሙ አሁንም የሚከፍተው የድሮውን ነው። የቀናው ፋይል በድሮው ስም፣ በድሮው ቦታ መቀመጥ አለበት። ዋናው ደግሞ ቀደም ብዬ ባልኩት ሌላ ፎልደር ውስጥ አለላችሁ።

ሁለተኛው ትንሿ ምስል ናት። ፕሮግራሞች በዝርዝር ላይ ቶሎ እንዲያሳዩ የእያንዳንዱን ፎቶ ትንሽ ኮፒ ሠርተው ደብቀው ያስቀምጣሉ። ፎቶው ሲቀየር ትንሿ ሳትቀየር የምትቀርበት ጊዜ አለ። ፎቶውን በትልቁ ክፈቱት። በትልቁ ቀጥ፣ በትንሹ የተኛ ከሆነ ችግሩ እሷ ናት። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ መክፈት አንዳንዴ ይበቃል። ካልበቃ ፎቶውን ከሰውየው ገጽ ላይ አላቅቃችሁ እንደገና አያይዙት።

ካቀናሁት በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በተቃራኒው ተኛ።

ሁለት ጊዜ ዞሯል። የተጠቀማችሁበት መሣሪያ ምስሉን አዞረ፤ 6 የምትለዋን ማስታወሻ ግን ረስቶ ተዋት። ማስታወሻ የማያነብ ፕሮግራም ላይ ቀጥ ይላል፤ የሚያነብ ፕሮግራም ግን የታዘዘውን አክብሮ አንድ ሩብ ዙር ይጨምርበታል። ስህተቱ የሚታየው ጎበዙ ፕሮግራም ላይ መሆኑ ያበሽቃል። መድኃኒቱ ቁጥሯን ወደ 1 መመለስ ነው። እዚህ ላይ ብቻ ነው ቀስቷን መፋቅ ትክክል የሚሆነው።

ፊቶች ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። ፎቶውን ሳዞረው ምልክቱ ወደ ጣሪያና ወደ አበባ ማስቀመጫ ሄደ።

ይሄዳል። አርባ ሰው ያለበትን የሠርግ ፎቶ አንድ በአንድ ፊት እየከበቡ ስም ለሰጡ ሰዎች ከልቤ አዝናለሁ። ግራምፕስ የፊቱን ቦታ የሚይዘው በፎቶው መቶኛ ነው፤ ከግራ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል ብሎ። የዘር ሐረግን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያሻግር ጌድኮም የሚባል የፋይል ዓይነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጌድኮም 7 ደግሞ ተቆርጦ የሚታየው ክፍል በፒክስል ነው የሚለካው። በሁለቱም መንገድ ፎቶው ሲዞር ልኬቱ አብሮ አይዞርም። የሙሽራዋ ስም የነበረበት ቦታ ላይ አሁን መጋረጃ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማቅናት ይቅደም፣ ስም መስጠት ይከተል። ስሙ አስቀድሞ ከተሰጠ ደግሞ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ክበቦቹን እንደገና መሥራት፤ ወይም የተኛውን ፋይል ባለበት ትታችሁ ለኅትመት ብቻ የቀና ኮፒ ማዘጋጀት። ሰዎቹ ከአሥር በላይ ከሆኑ እኔ ሁለተኛውን ነው የማደርገው።

የዘር ሐረጉን ጌድኮም አድርጌ አሜሪካ ላለ ወንድሜ ላክሁለት። ፎቶዎቹ አልደረሱትም።

የተለመደው ጌድኮም፣ 5.5.1 የሚባለው፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። የፎቶውን አድራሻ ይይዛል እንጂ ፎቶውን አይዝም። ወንድማችሁ ጋ ያ ፎልደር የለም። ፎቶዎቹን ለየብቻ ልትልኩለት ይገባል። ጌድኮም 7 ጽሑፉንና ፎቶዎቹን አብሮ የሚቋጥር ጌድዚፕ የሚባል መንገድ አለው፤ ሁለታችሁም የምትጠቀሙበት ፕሮግራም የሚቀበለው ከሆነ ተገላገላችሁ። ያም ሆነ ይህ የእሱ ፕሮግራም ከናንተ የተለየ ከሆነ፣ እናንተ ጋ የቆመው እሱ ጋ ሊተኛ እንደሚችል አትርሱ። ከመላካችሁ በፊት አቅኑ።

ፎቶው ቀጥ ነው፣ ግን ግራ ቀኙ ተገላብጧል።

ይህ ብዙውን ጊዜ ከኔጌቲቭ ፊልም የመጣ ነው። ፊልም አንደኛው ገጹ ያብለጨልጫል፣ ሌላው ደብዘዝ ይላል። ስካነሩ ላይ በተሳሳተው ገጽ ከተቀመጠ ሰዎቹ ሁሉ በመስታወት እንደሚታዩ ሆነው ይወጣሉ። ምስሉ የተዘቀዘቀ ወይም የተኛ ስላልሆነ ማንም ልብ አይለውም። አያቶቻችን በተገለበጠ ፊታቸው ዓመታት ይቀመጣሉ።

እንዴት ይታወቃል? ጽሑፍ ፈልጉ። ከኋላ የሱቅ ታፔላ ወይም የመኪና ታርጋ ካለ አለቀ፤ ፊደሉ ራሱ ይነግራችኋል። ጽሑፍ ከሌለ የወንድ ሸሚዝ እዩ። አዝራሩ የተሰፋው በለባሹ ቀኝ በኩል ነው፤ የግራው ጨርቅ ከላይ ይደረባል። የደንብ ልብስ የለበሰ አያት ካላችሁ ደግሞ ሜዳሊያ አብዛኛውን ጊዜ በግራ ደረት ላይ ነው የሚደረደረው። ሰዓት አያስተማምንም፤ በቀኝ እጅ የሚያስር ሰው ሞልቷል። እኔ ቤት በግራና በቀኝ ጉንጭ ጠቃጠቆ ሁለት አክስቶች ተጨቃጭቀው ያስታረቃቸው የሸሚዝ አዝራር ነው።

ይህንንም ያለ ብክነት የሚገለብጥ ምርጫ እነዚያው ፕሮግራሞች ውስጥ አለ።

የአይፎን ፎቶዬ ጭራሽ አልከፈትም አለ።

ሄይክ የሚባለው ዓይነት ፋይል ይሆናል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዚህ ያስቀምጣል፤ ብዙ የዘር ሐረግ ፕሮግራም አይቀበለውም። ሄይክ ከኤግዚፍ ሌላ የራሱ የአቅጣጫ ምልክት አለው። ወደ ጄፔግ የሚቀይር መሣሪያ ሁለቱንም ካነበበ ሁለት ጊዜ ያዞራል፤ አንዱንም ካላነበበ ተኝቶ ይወጣል። ከቀየራችሁ በኋላ ማየት ግድ ነው። የወደፊቱን ለማቅለል ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማት ገብታችሁ ከሁሉ ጋር የሚስማማውን ምርጫ ያዙ። ከዚያ በኋላ በጄፔግ ያነሳል።

በስካነር ያስገባሁትስ?

ስካነር ስበት አያውቅም፤ እንዳስቀመጣችሁት ይወስዳል። ተኝቶ ከገባ ያስተኛችሁት እናንተ ናችሁ፤ በእጅ አዙሩት። ትንሽ ዘንበል ብሎ ከገባ ግን በፕሮግራም ከማቃናት ይልቅ መስታወቱ ላይ አስተካክላችሁ እንደገና ስካን አድርጉት። ሁለት ዲግሪ ማቃናት እያንዳንዱን ፒክስል እንደ አዲስ ማስላት ነው።

የዘር ሐረጌን የማስቀምጥበት ድረ ገጽ ላይ ማዞሪያ ቁልፍ አለ። እሱ አይበቃም?

ፋሚሊ ሰርች ላይ ለምሳሌ አለ። ለዚያ ገጽ ይበቃል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ፋይል ግን እንደተኛ ነው። ነገ ሌላ ቦታ ስታስገቡት እንደገና ትጀምራላችሁ።

ከፎቶው ጀርባ የተጻፈውስ ለአቅጣጫ ይጠቅማል?

አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ የድሮ ፎቶ ላይ በጣም ይጠቅማል። ሰው የሌለበት ማሳ፣ ወንዝ፣ የአንድ ቤት ጣሪያ፤ ላይና ታቹ የማይለይ ነገር ብዙ ነው። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የተጻፈው ፎቶውን እንደ መጽሐፍ ገጽ በማገላበጥ ስለሆነ የጽሑፉ አናት የፎቶው አናት ነው። ሁልጊዜ አይደለም። ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደመጣለት የጻፈም አለ።

ጀርባውንም ስካን አድርጋችሁ ከፊቱ ጋር አያይዙት። «1958» የሚል ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ እንደ ፈረንጅ ቆጠራ እንዳይወስደው ተጠንቀቁ። የኛ 1958 በእነሱ 1965 እና 1966 ላይ ነው የሚውለው። የኛ ቆጠራ መሆኑ ሳይገለጽ ገብቶ አጎቴ ከእናቱ ሠርግ በፊት ክርስትና ተነስቶ አግኝቼዋለሁ።

ከማሳተሜ በፊት ምን ላጣራ?

ስክሪኑን አትመኑት። ለኅትመት የሚሄደውን ፒዲኤፍ ራሱን ክፈቱና እያንዳንዱን ፊት በትልቁ እዩ። ከዚያ በአንድ ኤ ፎር ወረቀት አሳንሳችሁ ቤት አትሙት። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው በሦስት ሜትር ወረቀት ላይ አያቴን ያስተኛኋት። ሁለተኛውን፣ የቀናውን፣ አሳትሜ ሳመጣ አክስቴ የመጀመሪያውን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወስዳው ነበር። መልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። እንቅልፏ ያማረ ነው ትላለች።